የማመልከቻው ጸሐፊና የፈራሚው ኃላፊነት

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




በዛሬው ጉባኤ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ሕንፃ መሠረት አይደለም፤ አንድ ገጽ እንኳ ስለማትሞላ ወረቀት ነው። ይህችውም የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ ናት። ርእሱ ለመሐንዲሶች ጉባኤ አነስተኛ መስሎ የሚታያችሁ ብትኖሩ አልፈርድባችሁም፤ እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደዚሁ አስብ ነበር። ዳሩ ግን ከመካከላችን በዚህች ወረቀት በር ሳያልፍ ሥራ የያዘ ጥቂት ነው። ዛሬ ይህችን ወረቀት በሰው ፋንታ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጽፋት ጊዜ ስለ ደረሰ፣ ጉዳዩ ከሥራ ፈላጊው አልፎ ሙያችን የቆመበትን እምነት የሚነካ ሆኗል። ስለዚህ በዚህ ረገድ ያየሁትን፣ የደረሰብኝንና ከዚያም የተማርሁትን ባጭሩ ለማቅረብ እሞክራለሁ።

ማመልከቻ ጸሐፊና ወንበሩ

ማመልከቻን በሌላ ሰው እጅ ማስጻፍ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በፍርድ ቤቶችና በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አጥር ሥር ጥላ ዘርግቶ፣ የጽሕፈት መኪናውን በትንሽ ጠረጴዛ ላይ አኑሮ የሚቀመጠውን ማመልከቻ ጸሐፊ የማያስታውስ የለም። ከጊዜ በኋላ የጽሕፈት መኪናው በኮምፒዩተር እየተተካ ሄዷል፤ ሥራው ግን ያው ነው። ባለጉዳዩ ቀርቦ ሲቀመጥ ደኅና ጸሐፊ ወዲያው መጻፍ አይጀምርም። «ጉዳይዎ ምንድን ነው? መቼ ሆነ? ማን ነበረ? ማስረጃ ይዘዋል?» እያለ አስቀድሞ ይጠይቃል። ከጻፈም በኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብለታል። ባለጉዳዩም «የለም፣ እንዲህ አልነበረም» ያለበት ቦታ ይታረማል። በመጨረሻም ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ያርፍበታል።

እንግዲህ የሥራው ቅደም ተከተል አራት ነው፤ መጠየቅ፣ መጻፍ፣ ማንበብና መፈረም። ቋንቋው የጸሐፊው ቢሆንም ነገሩ የባለጉዳዩ ነው። ዳኛው ፊት ሲቆምም የሚጠየቀው ጸሐፊው ሳይሆን ፈራሚው ነው።

ከእኛ ሙያ ታሪክም አንድ ምሳሌ ልጨምር። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ዕድሜው ሠላሳ ዓመት አካባቢ ሳለ፣ ማለት በ1480ዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር፣ ለሚላኖው ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ አገልግሎቱን የሚያቀርብበትን ደብዳቤ አዘጋጅቶ ነበር። ረቂቁ ኮዴክስ አትላንቲኩስ በሚባለው ጥራዝ ውስጥ ሚላኖ በሚገኘው የአምብሮሲያና ቤተ መጻሕፍት ይጠበቃል። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሦስት ነገሮች ያስደንቁኛል። በመጀመሪያ፣ ደብዳቤው ለተቀባዩ የተለካ ነው። ገዥው የጦርነት ሥጋት ስለ ነበረበት ቀላልና ጠንካራ ድልድዮች፣ የምሽግ መስበሪያዎችና የጦር መሣሪያዎች በተርታ ተዘርዝረው፣ ዛሬ ስሙን የምናነሣበት ሥዕል የተጠቀሰው ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ የቀረው ረቂቅ በሊዮናርዶ በራሱ እጅ የተጻፈ አለመሆኑን ሊቃውንት ይገልጻሉ። ሦስተኛ፣ ከተዘረዘሩት አንዱ እንኳ የማይቻል መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፣ በገዥው የአትክልት ቦታ ወይም ገዥው በወደደው ስፍራ ሠርቶ ለማሳየት ዝግጁ መሆኑን በመግለጽ ይደመደማል።

ስለዚህ ደብዳቤን በሌላ እጅ ማስጻፍም ሆነ ለተቀባዩ እንዲስማማ አድርጎ መለካት ነውር አይደለም። ነውሩ «መጥቼ ሠርቼ አሳያለሁ» ለማለት የማይቻልበትን ቃል መፈረም ነው።

መሣሪያው እንዴት እንደሚጽፍ

ቻትጂፒቲ የተባለው መሣሪያ ለሕዝብ የቀረበው ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የሌሎች ኩባንያዎች መሣሪያዎችም ተከትለዋል። የአብዛኛዎቹ መሠረት የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ትራንስፎርመር የተባለው ንድፍ ነው። ዝርዝሩ የዛሬው ርእሳችን አይደለም፤ ለጉዳያችን የሚያስፈልገው ግን አንድ ነገር ነው። መሣሪያው እጅግ ብዙ ጽሑፍ አንብቦ፣ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚገባው በመገመት ይጽፋል። የሥራ ማስታወቂያውንና የአመልካቹን የሥራ ታሪክ ስንሰጠው፣ ሁለቱን አጋጥሞ በደቂቃ ውስጥ ንጹሕ ደብዳቤ ያወጣል። ነገር ግን አመልካቹን አያውቀውም። ያልተነገረው ነገር ሲኖር፣ ክፍተቱን በእንዲህ ያለ ደብዳቤ ውስጥ በተለመደው ነገር ሊሞላው ይችላል።

ይህን ለእናንተ በሙያችን ቋንቋ ብገልጸው ይቀላል። የአፈር ምርመራ ስናደርግ በሁለት የመሰርሰሪያ ጉድጓዶች መካከል ያለውን የአፈር ንጣፍ አላየነውም። ስለዚህ በሥዕላችን ላይ በተቆራረጠ መሥመር እናመለክተዋለን፤ ትርጉሙም «ይህ ግምት ነው፣ ተጠንቀቅ» ማለት ነው። መሣሪያው ግን የታየውንም የተገመተውንም በአንድ ዓይነት ወፍራም መሥመር ይሥላል። አንባቢውም፣ አንዳንድ ጊዜም ፈራሚው ራሱ፣ የቱ ጉድጓድ የቱ ግምት እንደ ሆነ መለየት ያቅተዋል።

የራሴ ስሕተት

ይህን የምናገረው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የምሕንድስና አማካሪ ድርጅት ክፍት የሥራ ቦታ መኖሩን ሰምቼ ለማመልከት ተነሣሁ። የእንግሊዝኛ ደብዳቤ መጻፍ ምንጊዜም ይከብደኝ ስለ ነበር፣ ማስታወቂያውንና የሥራ ታሪኬን ለመሣሪያው ሰጥቼ «ለዚህ ሥራ የሚስማማ ማመልከቻ ጻፍልኝ» አልሁት። በሥራ ታሪኬ ውስጥ በአዲስ አበባ በቦሌ በኩል በተሠራ ሕንፃ የመሠረት ምርመራ ላይ መሳተፌ በአንድ መሥመር ሰፍሮ ነበር። በዚያ ሥራ የእኔ ድርሻ የመሰርሰሪያውን የዕለት መዝገብ መያዝና የአፈሩን ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ማድረስ ነበር።

መሣሪያው የጻፈልኝ ደብዳቤ ግን ምርመራውን እኔ እንደ መራሁትና ለመረሬው አፈር መፍትሔ የሚሆነውን የመሠረት ዓይነት እኔ እንደ መረጥሁ የሚያስረዳ ነበር። ደብዳቤውን አላነበብሁትም ብል ውሸት ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ነገር ግን እንግሊዝኛው አማረኝ። ስለ እኔ እንደዚያ ተብሎ ተጽፎ አይቼ ስለማላውቅ፣ እውነት ይሁን አይሁን ብዬ ሳልመረምር ፈርሜ ላክሁት።

ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ከጠያቂዎቹ መካከል ዕድሜያቸው የገፋ አንድ መሐንዲስ ነበሩ። ደብዳቤዬን በጣታቸው እየተከተሉ፣ «ለእያንዳንዱ ምሰሶ የተለየ መሠረት ማድረጉን ትታችሁ ወደ ማት ፋውንዴሽን የዞራችሁት በምን ምክንያት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። መረሬ ውኃ ሲያገኝ እንደሚያብጥ፣ ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ የማያውቅ ተማሪ ስለሌለ፣ ያንኑ ተናገርሁ። እርሳቸው የጠየቁኝ ግን የመማሪያ መጽሐፉን መልስ ሳይሆን የዚያን ቀን ውሳኔ ነበር፤ በውሳኔው ላይ ደግሞ አልነበርሁም። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህን ደብዳቤ የጻፍኸው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አይደለሁም፤ በመሣሪያ አስጽፌው ነው። ምርመራውንም አልመራሁም፤ መዝገብ ያዥ ነበርሁ» ብዬ እውነቱን ነገርኋቸው።

እርሳቸውም ሳይቈጡ፣ «መዝገብ ያዥ መሆንህ እዚህ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ስለ መዝገቡ እጠይቅህ ነበር» አሉኝ።

ሥራውን አላገኘሁም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ሥራውን ማጣቴ አይደለም። ስለ መዝገቡ ቢጠይቁኝ ኖሮ አንድ ሰዓት ሙሉ ልናገር እችል ነበር። ውኃ በየትኛው ጉድጓድ በስንት ሜትር ላይ እንደ ታየ፣ አንድ ናሙና ለምን እንደ ተጣለና በምትኩ ሌላ እንደ ወጣ፣ ጥቁሩ አፈር የት ላይ አልቆ ግራጫው የት እንደ ጀመረ አውቅ ነበር። መሣሪያው የእኔ የነበረውን ትንሽና እውነተኛ ነገር አንሥቶ፣ የማንም ሊሆን የሚችል ትልቅና ባዶ ነገር ተካልኝ፤ እኔም አመስግኜ ተቀበልሁት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ በዚያ ክፍል ውስጥ የጠራው የእኔ ቸልተኝነት ነው።

ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ

ከዚያ በኋላ ሌላ ሥራ ይዤ፣ አንድ ቀን ደግሞ የቅጥር ኮሚቴ አባል ሆንሁ። ሁለት የተቈጣጣሪ መሐንዲስ ቦታዎች ክፍት ሆነው ከአርባ የሚበልጡ ማመልከቻዎች ቀረቡልን። የአብዛኛዎቹ መክፈቻ አንድ ዓይነት ነበር፤ ለቦታው ያላቸውን ከፍተኛ ጉጉት በታላቅ ደስታ ይገልጻሉ፤ ሁሉም ቡድን መርተዋል፤ ሁሉም ችግር ፈቺዎች ናቸው። አሥረኛውን ስናነብ የመጀመሪያውን ማን እንደ ጻፈው ረሳነው።

ከመካከላቸው እንግሊዝኛዋ የተሰባበረ አንዲት ወጣት ነበረች። በተግባር ልምምድ ጊዜዋ በአንድ የጠጠር መንገድ ሥራ ላይ ሳለች፣ የአንድ ቦይ ቱቦ የመውጫው ከፍታ ከመግቢያው በልጦ መቀበሩን በሌቭል ለክታ እንዳገኘችና ለፎርማኑ እንደ ነገረችው ጽፋለች። ፎርማኑ ተቈጥቶ እንደ ነበረና በማግሥቱ ግን ቱቦው ወጥቶ እንደገና መቀበሩንም ጨምራለች። ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ «እንግሊዝኛ በትክክል ያልጻፈ ሰው ሪፖርት ሊጽፍ አይችልም» በማለት ደብዳቤዋ እንዲጣል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ፍጹም ከንቱ ነው ለማለት አልችልም፤ ሪፖርት የሥራው አካል ነውና። ሆኖም ከተከራከርን በኋላ ከሌሎች አምስት አመልካቾች ጋር ለተግባር ፈተና ጠራናት።

በፈተናው ሁለተኛ ወጣች። አንደኛ የወጣው ደግሞ፣ ደብዳቤውን በመሣሪያ እንዳስጻፈው ሳንጠይቀው የነገረን ወጣት ነበር። ደብዳቤውን አውጥተን ስለ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጠየቅነው፤ ለእያንዳንዱም ቀኑን፣ ቦታውንና የሚመሰክርለትን ሰው ነገረን። ሁለቱም ተቀጠሩ።

ከዚህ የተረዳሁት ነገር የንግግሬ ዋና ሐሳብ ስለ ሆነ በግልጽ ላስቀምጠው። ቀድሞ ንጹሕ ደብዳቤ መጻፍ ድካም ይጠይቅ ስለ ነበር፣ ንጽሕናው ራሱ የትጋት ምልክት ሆኖ ይቈጠር ነበር። አሁን ያ ድካም ስለ ቀረ ንጽሕናው ምንም አይመሰክርም፤ ለአመልካቹም ሆነ በአመልካቹ ላይ። የሚመሰክረው በደብዳቤው ውስጥ ተጠይቆ መልስ የሚሰጥበት ነገር መኖሩ ብቻ ነው።

ጥቅሙ ሊካድ አይገባም

ይህን ስል «መሣሪያው ይከልከል» ማለቴ አይደለም። የልጅነታችንን ሁኔታ እናስታውስ። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ትምህርታችንን በእንግሊዝኛ ብንከታተልም፣ ደብዳቤ አጻጻፍን በወጉ ያስተማረን ጥቂት ነው። እንግሊዝኛ የሚያውቅ አጎት ያለውና በደኅና የግል ትምህርት ቤት ያለፈው አመልካች ደብዳቤውን የሚያርምለት አያጣም ነበር። ከገጠር መጥቶ በአራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ ክፍት የሥራ ቦታ ሲፈልግ የሚውለው ምሩቅ ግን አራሚ አልነበረውም። ዛሬ ማስታወቂያው በቴሌግራም ይደርሰዋል፤ አራሚውም በእጅ ስልኩ ውስጥ ይገኛል። በቋንቋ ምክንያት ብቻ ከበር ይመለስ ለነበረ ወጣት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በበኩሌ ለመሣሪያው ያለኝ ትልቁ ምስጋና ይህ ነው።

በአማርኛ የሚጻፈው ማመልከቻ ግን የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። መሣሪያዎቹ የተማሩበት ጽሑፍ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲበቃው ለአንድ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ያስፈልጋል። ስለዚህም የአማርኛ ቃል ለመሣሪያው ብዙ ጊዜ ይበልጥ ተቈራርጦ ይቀርባል። ከዚህ የተነሣ በአንድ ደብዳቤ ውስጥ «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ በ«አንተ» ሊጨርስ፣ የሴት አመልካችን ደብዳቤ በወንድ አንቀጽ ሊጽፍ፣ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል የተገለበጠ ምስጋናም ሊደረድር ይችላል። «ጉዳዩ፦ ሥራ ስለ መጠየቅ» ብሎ ቁምነገሩን በሦስት አንቀጽ የሚዘጋው የቀድሞው አጻጻፋችን ከዚያ ሁሉ ውዳሴ ይሻላል።

ለአመልካቹ፦ የማመልከቻ ጸሐፊውን ሥርዓት መመለስ

መሣሪያውን ስንጠቀም ከአራቱ ቅደም ተከተሎች ሁለቱን፣ መጠየቅንና ማንበብን፣ ዘለናቸዋል። መፍትሔው እነርሱን መመለስ ነው። ከስሕተቴ በኋላ እኔ የምከተለውን አሠራር እነሆ።

አንደኛ፣ መሣሪያውን ከመክፈቴ በፊት የሠራኋቸውን አምስት ሥራዎች በራሴ ቋንቋ በወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ለእያንዳንዱም በእጄ ምን ሠራሁ፣ ምን ለካሁ፣ ምን ተበላሸ፣ የሚመሰክርልኝ ማን ነው የሚሉትን አራት ጥያቄዎች እመልሳለሁ። ይህን ያደረገ ሰው የደብዳቤውን ግማሽ ጨርሷል።

ሁለተኛ፣ ማስታወቂያውንና ማስታወሻዬን ለመሣሪያው ሰጥቼ፣ ደብዳቤ ሳይሆን ሠንጠረዥ እንዲያዘጋጅ አዘዋለሁ። በአንድ ወገን ቀጣሪው የሚፈልጋቸው ነገሮች፣ በሌላው ወገን ከማስታወሻዬ ማስረጃ የሚሆኑት ይደረደራሉ፤ ማስረጃ በሌለበት ቦታ «የለም» ተብሎ ይጻፋል። መሣሪያው ከሁሉ ይልቅ የሚረዳው በዚህ ሥራ ነው። ባዶው ቦታ ከበዛ ደግሞ ማመልከቻውን መተው ይሻላል።

ሦስተኛ፣ «ከመጻፍህ በፊት ግልጽ ያልሆነልህን ሁሉ በተራ ጠይቀኝ፤ ከመልሴና ከማስታወሻዬ ውጭ ምንም አትጨምር» ብዬ አዘዋለሁ። መሣሪያው ሲጠየቅ ይጠይቃል። በዚህ ትእዛዝ ማመልከቻ ጸሐፊው ወደ ወንበሩ ይመለሳል።

አራተኛ፣ ረቂቁ ሲወጣ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን ከየትኛው ማስታወሻ እንደ መጣ በቍጥር አመለክታለሁ፤ ቍጥር የሌለው ዓረፍተ ነገር ይሰረዛል። ትእዛዙን የተቀበለ መሣሪያም ቢሆን ይስታልና ይህ እርምጃ የሚዘለል አይደለም። በተለይ አንቀጾቹን እመረምራለሁ። «መራሁ»፣ «ተቈጣጠርሁ»፣ «ተሳተፍሁ»፣ «ረዳሁ» የሚሉት አራት ቃላት በደሞዝም በኃላፊነትም የተለያዩ ናቸውና።

አምስተኛ፣ የሌላውን ሰው ምሥጢር አልሰጥም። የደንበኛን ንድፍ፣ የአፈር ምርመራ ሪፖርት፣ የጨረታ ዋጋ፣ የመታወቂያ ቍጥር ለመሣሪያ ማቅረብ ለማናውቀው ሰው እንደ ማስረከብ ይቈጠራል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሰውን የግል መረጃ መጠበቅ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕግ ጉዳይም ሆኗል።

ስድስተኛ፣ ከመፈረሜ በፊት ደብዳቤውን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። ያ ሰው የሚስቅበት ቦታ ካለ፣ ያ ቦታ የእኔ አይደለም ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ምናልባት ሁለት ሰዓት ይወስዳል። በአንድ ሌሊት ለሃምሳ ቦታ ለማመልከት ለሚፈልግ ሰው አይመችም። ነገር ግን ሃምሳ አንድ ዓይነት ደብዳቤ የበተነ ሰው ለሃምሳ ቦታ አላመለከተም፤ አንዱን ባዶ ወረቀት ሃምሳ ጊዜ አበዛው እንጂ።

ለቀጣሪዎች

ከመካከላችን ብዙዎቻችን ዛሬ ቀጣሪዎች ነንና ለእኛም የሚገባ ቃል አለ።

በመጀመሪያ፣ ደብዳቤው በመሣሪያ መጻፉን «ይለያል» በሚባል ሌላ መሣሪያ አመልካችን አንጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ያልሆነ ሰዎች በራሳቸው እጅ ከጻፏቸው የፈተና ድርሰቶች ከግማሽ የሚበልጡትን እነዚህ መለያዎች በአማካይ «የመሣሪያ ጽሑፍ ነው» ብለው መፈረጃቸውን አሳይቷል። የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነው ኩባንያም የራሱን መለያ በዚያው ዓመት በትክክለኛነቱ ማነስ ምክንያት አንሥቶታል። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማሩ ልጆቻችንን በእንዲህ ያለ ሚዛን መመዘን ግፍ ነው።

ሁለተኛ፣ ማመልከቻን በመሣሪያ የሚያጣሩ ድርጅቶች ያንን ለአመልካቹ ያስታውቁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሮይተርስ እንደ ዘገበው፣ አማዞን ለሙከራ የሠራው የማጣሪያ መሣሪያ፣ የተማረው በአብዛኛው የወንዶች ከነበሩ የቀድሞ ማመልከቻዎች ስለ ነበር የሴቶችን ዝቅ አድርጎ መመዘኑ ታውቆ ተትቷል። የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ሕግ እንዲህ ያለው መሣሪያ አድልዎ እንደሌለበት በገለልተኛ ወገን እንዲመረመርና ለአመልካቾች እንዲገለጽ አዟል። የአውሮጳ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሕግ የቅጥር መሣሪያዎችን ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው መደብ አስገብቷቸዋል። መሣሪያ የጻፈውን መሣሪያ ሲያነበው፣ በመካከሉ ሰው ሰውን ሳያገኘው ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ደብዳቤው የማይመሰክር ከሆነ የምንጠይቀውን እንለውጥ። «ለምን ልትቀጠር ይገባሃል?» ከሚለው ሰፊ ጥያቄ ይልቅ፣ «በእጅህ የሠራኸውን አንድ ሥራ፣ በውስጡም የተበላሸውንና ያረምኸውን ግለጽ» ብለን እንጠይቅ። መልሱንም በቃል እንከታተለው። ከሁሉም በላይ አመልካቹን ወደ ሥራ ቦታ ወስደን ሌቭሉን እናስይዘው፤ ገዥው በአትክልት ቦታው ሊያየው ይችል የነበረው ፈተና ይህ ነውና።

መደምደሚያ

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

እኛ በየቀኑ በሌሎች እጅ በተሰሉና በተሣሉ ወረቀቶች ላይ እንፈርማለን። ስሌቱን ኮምፒዩተር ይሠራዋል፤ ሥዕሉን ወጣት ሠዓሊ ይሥለዋል። ሕንፃው ቢሰነጠቅ ግን «ኮምፒዩተሩ ነው» ብሎ የሚያመልጥ መሐንዲስ የለም። ከሥራ ማመልከቻ የሚጀምር ወጣት፣ ያላየውን መፈረምን በዚያች የመጀመሪያ ወረቀቱ ከለመደ፣ ነገ በመሠረት ሥዕል ላይ እንዴት እንደሚፈርም መገመት አያዳግትም። የጉዳዩ ክብደት በእኔ ግምት እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ በመጨረሻ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ማኅበራችን በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ በየወሩ አንድ ቅዳሜ የማመልከቻ ጠረጴዛ ይክፈት። ከእኛ መካከል ሁለት ሁለት ሆነን በየተራ እንቀመጥ። አዲስ ምሩቃን ረቂቃቸውን ይዘው ይምጡ፤ በመሣሪያ ያስጻፉትም ቢሆን ይምጡ። እኛም ደብዳቤውን አንጽፍላቸው፤ እንጠይቃቸው እንጂ። «ይህን ማን ሠራው? መቼ? በስንት ሜትር ላይ? ምን ተበላሸ?» እንበላቸው። ለእኔ እነዚያ አዛውንት መሐንዲስ የጠየቁኝን ጥያቄ፣ ከመፈረሜ በፊት አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ መዝገቤን ይዤ እገባ ነበር። ሐሳቡ ተቀባይነት ካገኘ የመጀመሪያውን ቅዳሜ ለመቀመጥ ከወዲሁ ስሜን አስመዘግባለሁ።